ከነዕቃው የሚከራይ ቤት

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በፀዳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቡናማ በር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊከራይ ነው።

ይህ ዐዋጅ የተነገረው ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር፣ በመሪጌታ ህሩይ ሳሎን ውስጥ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። የተናገሩትም መሪጌታ ራሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የንጉሥ ሞት በሚነገርበት ድምፅ ተናገሩት። አድማጮቹ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው ልጃቸው አለነ፣ በመጨረሻም ቤቱ በስሟ የሆነው ልጃቸው ማርያማዊት ነበሩ። ማርያማዊት መጨረሻ የተጠራችው በስሕተት አይደለም። በዚያ ቤት ስለ እሷ ጉዳይ ሲመከር እሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት።

«የቀረው አንድ ነገር ነው» አሉ መሪጌታ። «ከነዕቃው ይከራይ ወይስ ባዶውን?»

«ከነዕቃው ነው እንጂ!» አለ አለነ። «ከነዕቃው ካልን የዩኒቨርስቲ መምህር ይገባበታል። ባዶውን ካልን ከነፍየሉ የሚገባ አይጠፋም።»

«ፍየል ይሻላል» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ የሂሳብ መምህርት የሆነችውን ልጃቸውን በጎን እያዩ። «መምህር እኛም ወልደናል። ፍየል እንኳ ሲጠሩት ይመጣል።»

ማርያማዊት ፈገግ አለች። ፈገግታው ለእንግዳ እንደሚቀርብ ወንበር ነው፤ ሁልጊዜ ተወልውሎ ይጠብቃል።

«ዕቃ ያለበትን ቤት ማከራየት ልጅን ለጎረቤት ማዋስ ነው» ብለው ቀጠሉ እናት። «ሲመለስ አመሉ ሌላ ነው። ዕቃው ይውጣ፣ ይሸጥ። ቤቱም አየር ያግኝ።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ የሚያወሩት ስለ አየር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ግን ስለ አየር እንደሚወራ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ትንሽ ቢቆይ» አለች። «ኪራይ ይጨምራል እየተባለ ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጨምር ከረመ እኮ!» አለ ወንድሟ።

«ገና ይጨምራል።»

በጎንደር ከተማ ውስጥ ስለ ቤት ኪራይ እንዲህ ጽኑ እምነት ያለው ሰው በዚያን ጊዜ ሌላ አልነበረም።

«ለኵሉ ጊዜ ቦቱ» አሉ መሪጌታ፤ ለሁሉም ጊዜ አለው ማለት ነው። ይህችን የግእዝ ቃል ለሠርግም፣ ለልቅሶም፣ ለቧንቧ ጥገናም ይጠቀሙባታል። እሷ ከተነገረች ጉዳዩ ተዘግቷል። የሚመጣው ቅዳሜ ዕቃው ከፀዳው ቤት እንዲወጣ ተወሰነ።

ማርያማዊት ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው። እንባዋ ውኃው ላይ ሲንጠባጠብ ቧንቧውን ከፈት አደረገችው፤ ማንም ልዩነቱን እንዳይሰማ።

*

ቤቱን የሠራችው በመምህራን ማኅበር በደረሳት ቦታ ላይ ነው። በርና መስኮት ሊሠራ የመጣው አናጺ ምንይችል ይባላል፤ ከትክል ድንጋይ ወርዶ ከተማ የከረመ፣ ሲያስብ እርሳሱን የሚነክስ ሰው። የፊት ጥርሱ ጠርዝ ሸረፍ ያለ ስለሆነ በነከሰው እርሳስ ሁሉ ላይ፣ በጥርሶቹ ምልክት መካከል፣ አንድ መስመር ይጎድላል። ማርያማዊት ይህን ከሚገባት በላይ ቀድማ ነው ያየችው።

በር በሳምንት ያልቃል። ምንይችል ክረምቱን ሙሉ ፈጀበት። አንድ ቀን ማጠፊያው ተጣመመ፣ አንድ ቀን እንጨቱ እርጥበት ጠጣ፣ አንድ ቀን ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት መጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው አያ ምንይችል፣» አለችው፣ እንደ ሽማግሌ እየጠራች ልታሾፍበት፤ «ይኽ በር አላልቅ አለሳ?»

«በሩማ ካለቀ ሰነበተ» አላት፣ ዓይኑን ከመዶሻው ሳያነሣ። «እኔ ነኝ መውጫው የጠፋኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ በር አልተነጋገሩም።

ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ የቤቱን ዕቃ በዋንዛ ሠራው፤ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ከአልጋው ራስጌ የምትቆም ኮመዲኖ። አልጋውን የሠራው እዚያው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ የክፍሉ በር ከነመቃኑ ገና አልተገጠመም ነበር። ሲጨርስ ማርያማዊት አልጋውን አየች፣ የበሩን ስፋት አየች፣ የሂሳብ መምህርት ናትና ወዲያው ገባት።

«ይኽ አልጋ በዚህ በር እንዴት ይወጣል?»

«ለምን ይወጣል?» አላት።

የኮመዲኖዋ መሳቢያ ደግሞ የራሷ አመል ነበራት። ዝም ብለው ቢስቧት አትመጣም። መጀመሪያ በመዳፍ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጓት ውስጥ ያለው መያዣ ጠቅ ይላል፤ ከዚያ እንደ ቅቤ ትንሸራተታለች። «እንዳንቺ ናት» አላት፣ እጇን ይዞ ሲያስተምራት፤ «ገፋ ሲያደርጉሽ ነው የምትመጪ። ይህን እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቅ።» ማርያማዊት ያን ዕለት ከጆሮው ላይ እርሳሱን ወስዳ መሳቢያዋ ውስጥ አኖረችው። የሁለቱም ሀብት ያ ነበር፤ አንድ የተነከሰ እርሳስና አንድ ምስጢር።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። መሪጌታ ህሩይ ልጄን ለአናጺ አልሰጥም አላሉም፤ እንዲያ ማለት ነውር ነው፣ ዘመኑም አይደለም። ያደረጉት ነገር ከዚያ የበለጠ ጨዋ ነው። ዘር ቆጠሩ።

በአገሩ ወግ ሰባት ቤት ያላለፈ ዘመድ አይጋባም። መሪጌታ ጣታቸውን እያጠፉ በእናትም በአባትም ወደ ላይ ወጡ፣ ወጡና አለቃ ወልደኢየሱስ የሚባሉ የጥንት ሰው ላይ ደረሱ፤ በዚያ ቤት እስከዚያ ቀን ስማቸው ተጠርቶ የማያውቅ። ምንይችልም ከአለቃ ወልደኢየሱስ ይወለዳል። ማርያማዊትም ትወለዳለች። አምስተኛ ቤት ሆኑ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ ሄዱ። ለተማሪዎቿ «ሌላ ሰው የሠራውን ስሌት ሳታረጋግጡ አትገልብጡ» የምትለው ማርያማዊት፣ ያን ስሌት እንዳለ ተቀበለች።

ምንይችል ግን አልተቀበለም። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት ፀዳ፣ እሱ በሠራው በር ላይ ነው።

«ትክል ድንጋይ ዘር አዋቂ ሽማግሌ አለ» አላት። «ሄጄ አስቆጥራለሁ። ሰባት ካለፈ እመጣለሁ። መንገድ ቢዘጋ፣ ስልክ ቢጠፋ፣ በእግሬ እመጣለሁ።»

«ካላለፈስ?»

«ካላለፈ አልመጣም። ወንድምሽ ሆኜ በዚህ በር አልገባም።»

እሱ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ምንይችል አልመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ተነሥቶ አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርስ ነበር። ማርያማዊት ግን መንገድ እስኪከፈት ጠበቀች። ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ። ሽማግሌው አርጅተው ቆጠራው ረዝሞባቸው ይሆናል አለች። ዝምድና በአንድ ጀምበር አይቆጠርም አለች። በየሳምንቱ ፀዳ እየሄደች የዋንዛውን አልጋ አቧራ ትጠርጋለች። ቤተሰቡ «ቤቱን ልታይ ሄደች» ይላል፤ እሷም ቤቱን አይቼ መጣሁ ትላለች። መሳቢያዋን ግን አንድም ቀን አልከፈተችም። ልቧ እዚያ ውስጥ ስለነበር፣ ብትከፍታት ይበርድባታል ብላ ፈራች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሁለት ተሸካሚ ይዘው ከነቤተሰባቸው ፀዳ ደረሱ። ጠረጴዛው ወጣ። ወንበሮቹ ወጡ። ቁም ሳጥኑ እያቃሰተ ወጣ። ከዚያ ተሸካሚዎቹ አልጋውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ አልወጣም። አዞሩት፤ አልወጣም። በጎኑ አቆሙት፤ ጣሪያውን ነካና አልወጣም።

«ይህን አልጋ ያስገባው ማን ነው?» አለ አንደኛው፣ ላቡን እየጠረገ።

«አልገባም» አለች ማርያማዊት። «እዚሁ ነው የተወለደ።»

«ኮመዲኖዋስ? መሳቢያዋ አትከፈትም።» አለነ ነበር፤ እጀታውን ይዞ እየጎተተ። «ተቆልፏል?»

«ተበላሽቷል።»

«እሺ፣ አልጋው መፍትሔ አለው» አለ አለነ፤ ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ መፍትሔ አለው። «መጋዝ ይምጣ። መሐሉን ቆርጠን እናውጣውና ውጭ እንገጥመዋለን።»

ማርያማዊት ሄደች፣ አልጋው መሐል ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እኔንም አብራችሁ ቁረጡ» አለች። «እኔንም ውጭ ትገጥሙኛላችሁ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተናገረችው ልጅ ነበረች የተናገረችው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ መስኮቱን አዩ። አለነ ስልኩን አየ። መሪጌታ ህሩይ ያችን የግእዝ ቃል ሊናገሯት አፋቸውን ከፈቱና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሰው ዋጧት።

«መልሱት» አሏቸው ተሸካሚዎቹን። «ከነዕቃው ይከራያል።»

ቁም ሳጥኑ እያቃሰተ ተመልሶ ገባ። ማርያማዊት ደስ ብሏት እንደሆነ ወይስ ልቧ ተሰብሮ እንደሆነ እሷም አላወቀችም። አልጋዋ ቀረላት፤ የሚተኛበት ግን ሌላ ሰው ነው።

*

ቁም ሳጥኑ በቦታው እንደቆመ ደላላው ሐብተ ማርያም ደረሰ። ከኋላው ነጠላ ያጣፋች፣ ፊቷ ፀሐይ የጠገበ፣ ሆዷ ገፋ ያለ ወጣት ሴት ነበረች።

«የጨዋ ልጅ ነው ያመጣሁላችሁ!» አለ። ሐብተ ማርያም ያመጣው ሰው ሁሉ የጨዋ ልጅ ነው፤ ይህኛው ግን እውነት ሆነ።

«ግቢ እናቴ፣ ግቢ» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ሆዷን አይተው። «ባለቤትሽስ?»

«አዘዞ ሥራ ይዞ ነው ያልመጣ» አለች ሴቲቱ። «ቤት ፈልጊ ብሎ እኔን ላከኝ። ፀዳ ግን አትሂጂ ብሎኝ ነበር፤ ነፋስ ይበዛዋል ብሎ።»

«ፀዳ? ነፋስ?» አለ አለነ፣ ቅር ብሎት።

«እኔም አላየሁም» ብላ ሳቀች። «ሰው አያምንም እንጂ ሸጋ አገር ነው። ዕቃችን እዚያው ትክል ድንጋይ ቀረ፤ መንገዱ ለጭነት አይሆንም። ዕቃ ያለው ቤት ካገኘሁ እስክወልድ ይበቃኛል። ባለቤቴ ግን አስቸጋሪ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ በሠራው አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ይላል!»

ትክል ድንጋይ የሚለው ስም ማርያማዊትን እንደ መርፌ ወጋት። «ትክል ድንጋይ ሰው ታውቂያለሽ ወይ?» ልትል ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር። አባቷ ቀደሟት።

«ከትክል ድንጋይ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአያ ዳኛው ልጅ ነኝ። ፍቅርተማርያም።»

መሪጌታ ህሩይ ፊታቸው በራ። ዳኛው የአጎታቸው ልጅ ነው። በአያቶቻቸው መሬት ተጣልተው ብዙ ዓመት አልተጠያየቁም፤ ሠርግ አይጠራሩም፣ ለቅሶ አይደራረሱም። አሁን ግን የገዛ ሥጋቸው፣ ያውም ነፍሰ ጡር፣ ደጃቸው ላይ ቆማለች፤ ጥሉ ከደጁ ቀረ። አገላብጠው ሳሟት።

«አንቺ የኛ ልጅ! ደላላ ምን ያደርግልሻል?» ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ደስታቸውን የሚገልጹት እንዲህ ነው። «እኔና ዳኛው የወንድማማች ልጆች። አያታችን አንድ። ከዚያ በላይማ እስከ አለቃ ወልደኢየሱስ ድረስ አንድ መስመር ነን! አንቺና ማርያማዊት ከአለቃ ወልደኢየሱስ እኩል ነው የምትወርዱት፤ በአንድም ቤት አትበላለጡ። እህትማማች ናችሁ!»

«እህቴ» አለች ፍቅርተማርያም፣ ማርያማዊትን ደግማ እየሳመች። ጉንጯ ሙቅ ነበር።

«ሠርግሽንስ ሳንሰማ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ።

«መንገድ በተዘጋ ጊዜ ነው። በቁርባን ነው ያገባነው፤ ካህናቱም የመንደር ሰውም ባለበት።»

«እሰይ፣ እሰይ» አሉ መሪጌታ። «እንዲህ ነው የኛ ልጅ።» ጣቶቻቸው እንደታጠፉ ነበሩ።

ማርያማዊት ወደ መኝታ ክፍሉ መራቻት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ፍቅርተማርያም አልጋውን በእጇ ዳሰሰችው፣ እግሯ ደክሞ ስለነበር ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፣ እፎይ አለች። ስለ መስኮቱ እያወራች፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ እየጠየቀች፣ ሳታየው እጇን ወደ ኮመዲኖዋ ሰደደች። መዳፏን መሳቢያዋ ላይ አሳርፋ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገቻት።

ጠቅ።

መሳቢያዋ እንደ ቅቤ ተንሸራተተች። የተዘጋ ዋንዛ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ተበላሽቷል አላልሽም?» አለ አለነ።

«የኛም እንዲህ ናት» አለች ፍቅርተማርያም፣ እየሳቀች። «ካልገፏት አትመጣም። ባለቤቴ ነው የሚሠራት፤ ይህን እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቅ ይለኛል። ለካ እዚህም—»

እጇ መሳቢያዋ ውስጥ ያለውን አጭር እርሳስ አግኝቶ ነበር። አወጣችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አገላበጠችው። ከጥርሶቹ ምልክት መካከል አንድ መስመር ይጎድላል።

ሳቋ ከፊቷ ላይ አልሄደም፤ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ እዚያው ቀረ። አልጋውን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ማርያማዊትን አየች፣ ረጅም ጊዜ።

«ባለቤትሽ…» ማርያማዊት ድምፅዋን ከሩቅ ሰማችው። «ባለቤትሽ ከእናንተ ዘንድ እንዴት መጣ?»

«ዘር ሊያስቆጥር» አለች ፍቅርተማርያም፣ በቀስታ። «ከተማ አንዲት ልጅ ወድጃለሁ ብሎ። አባቴ ዘር አዋቂ ነው። ቆጠረለት።»

«ስንት ሆነ?»

«ስምንት። ሸጋ ነው፣ ሂድና አግባ አለው።»

«ሄደ?»

«መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በእግሩ ሄደ።» እርሳሱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ቀሐ ድረስ። ደጁ ላይ እናቷ ወጥተው ልጄ ለሌላ ቀለበት አስራለች አሉት። ሲመለስ እግሩ ቆስሎ ነበር። እኔ ነኝ ያጠብኩለት።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ መጋረጃውን ማስተካከል ጀመሩ። ተስተካክሎ የነበረ መጋረጃ ነው።

ማርያማዊት ወደ እናቷ አልዞረችም። ቀለበት የሌለባት ጣቷ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆመች። ስንት ቅዳሜ ይህን አልጋ ጠርጋለች! እሱ መጥቶ ነበር። እንዳለው፣ በእግሩ፣ መጥቶ ነበር። የጠበቀችው ሰው መጥቶ በሄደበት መንገድ ላይ ነው ስትጠብቀው የኖረችው።

«እኔ አላወቅሁም» አለች ፍቅርተማርያም፤ እንባዋ ሆዷ ላይ ወረደ። «በልጄ ይሁንብኝ፣ አላወቅሁም።»

«ዐውቃለሁ» አለች ማርያማዊት። ተንበርክካ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት፤ የራሷን ተወችው። «እኔም አላወቅሁም። እንግዲህ አንቺን ሲጠይቅስ? አባትሽ እንደገና ቆጠሩ?»

«ለምን ይቆጥራል?» አለች ፍቅርተማርያም። «ቁጥሩ ያው ነው።»

ደላላው ሐብተ ማርያም ምንም ሳይገባው ሁሉ ገባው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። አለነ መሬት መሬት አየ። ከውጭ አንድ ባጃጅ እያንደቀደቀ አልፎ ሄደ።

ማርያማዊት ተነሣች። አባቷ በሩ ደፍ ላይ ነበሩ፤ ምንይችል ክረምቱን ሙሉ ባለቀው በር ሰበብ ይቀመጥበት ከነበረው ደፍ የማይርቅ ቦታ። ግራ እጃቸው እስካሁን እንደተነሣ፣ ጣቶቻቸውም ዘመድ ሲቆጥሩ እንዳጠፏቸው ነበሩ።

«አባባ» አለች፣ ተማሪን ወደ ሰሌዳ በምትጠራበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ። «እስኪ አሁን የእኔን ይቁጠሩ።»

መሪጌታ ህሩይ ጣቶቻቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መለሱት።